«እግሯ ከረገጠ ወዲህ ቤቱ ታመመ» ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ከወደ ደጀን የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይነሳ አደራ ብላናለች። አደራዋን ጠብቀን፣ ረዘም ያለውን ደብዳቤዋን አሳጥረን እንዲህ አቅርበነዋል።

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ሆኖናል። የእሱ ቤተሰቦች የሚኖሩት ደጀን ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቱ እንዲያዩኝ ብሎ ለፋሲካ ይዞኝ ሄደ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ የተቀበሉኝ በእልልታ ነው። እኔም ሙያዬን ላሳይ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ሰላጣ ሠራሁ፣ እናቱንም በእጄ አጎረስኳቸው። በአራተኛው ቀን የእህቱ ልጅ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ተቅማጥ ያዘው። በማግስቱ ደም ታየበት። ሁለት ቀን ቆይቶ እናቱ ተኙ። ከዚያ ደግሞ መኪና በሚያርፍበት ምግብ ቤት አስተናጋጅ የሆነው ታናሽ ወንድሙ። እኔንና እጮኛዬን ብቻ ምንም አልነካንም። ለሕፃኑ ፌጦ በሎሚ እየሰጡት ነው፤ ሐኪም ቤት አልሄደም። አንዲት ጎረቤት ‹ይቺ ልጅ እግሯ መልካም አይደለም፤ እሷ ከረገጠች ወዲህ ነው ቤቱ የታመመው› ማለቷን በጆሮዬ ሰማሁ። እናቱም ፊታቸው ተለወጠብኝ። ሽማግሌውም ‹ትንሽ ይቆይ› ተብሏል። አንድ ለእጮኛዬ እንኳ ያልነገርኩት ነገር አለ። ከመሄዳችን አሥር ቀን ቀደም ብሎ እኔም ታምሜ ነበር፤ ቁርጠትና ተቅማጥ። ከመድኃኒት ቤት ሜትሮ ገዝቼ ዋጥኩ፣ በሦስተኛው ቀን ተወኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ? ድኜ ሳለሁ እንዴት ይሆናል? ከአንድ ማዕድ በልተንስ ለምን እኛን ተወን? እውነቱን ንገሩኝ፤ ላጽናናሽ አትበሉኝ።»

እህቴ፣ ላጽናናሽ አትበሉኝ ብለሻልና አናጽናናሽም። ግን ከአንቺ በፊት ሕፃኑ ይቅደም። ይህ ጋዜጣ እጅሽ እስኪገባ ድኖ ከሆነ ተመስገን ነው። ካልዳነ ንባቡን እዚህ ላይ አቁሚና ስልክ ደውዪ። የሦስት ዓመት ልጅ በሰገራው ደም ከታየ ፌጦውም ሎሚውም ተቀምጦ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ «ነገ እናየዋለን» የሚባል ነገር የለም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ሽንቱ ከራቀ፣ ውሃ ሲሰጡት ካልጠጣ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንዘፈዘፈው ሌሊትም ቢሆን ተሸክሞ መሮጥ ነው። እስኪደርስ ድረስ ሕይወት አድን የሚባለውን ንጥረ ነገር፣ ኦ.አር.ኤሱን፣ ቀስ በቀስ ማጠጣት። ፓኬቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ነው። ጨውን በጣት ቆንጥረው የሚጨምሩ አሉ፤ ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳዋልና ማንኪያ ይያዙ። ምግብም አይከልከል። «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ማስራብ የቆየ ልማድ ነው፣ ግን ልጁን ያደክመዋል እንጂ አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «እኔ ነኝ ወይ?» ላልሽው ሊሆን ይችላል። በእርግጠኝነት «አዎ» የሚልሽም «በጭራሽ» የሚልሽም ካለ ላቦራቶሪ ሳይገባ የሚያወራ ነው። እግርሽ ግን የለበትም። ይህ ዓይነቱ በሽታ በእግር አይገባም፣ በእጅ ነው የሚገባው። እንዴት እንደሚገባና ከገባ በኋላ ምን እንደሚሠራ ብታውቂ ሦስቱም ጥያቄዎችሽ መልስ ያገኛሉና ትንሽ ታገሺን። ነገሩ ራሱ ከአንዳንድ የፍቅር ልቦለድ በላይ ተንኮል የሞላበት ነው።

እኛ ሀገር ሆድ ጮኸ፣ «አሜባ»። ሰገራ ቀጠነ፣ «አሜባ»። ደም ታየ፣ «አሜባ»! አሜባ የለም ማለታችን አይደለም፣ አለ። ነገር ግን በተለይ ሕፃን ልጅ ላይ ደም ያለበት ተቅማጥ ሲታይ ከአሜባ በፊት የሚጠረጠረው ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። አራት ዓይነት ዘር አለው። በሀገራችን በተደረጉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ በርክቶ የሚገኘው ፍሌክስነሪ የሚሉት ነው። ሺጌላ የሚለው ስም የመጣው ኪዮሺ ሺጋ ከሚባል ጃፓናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897፣ የአድዋ ድል በተገኘ በዓመቱ ማለት ነው፣ ጃፓን ውስጥ በቋንቋቸው «ቀይ ተቅማጥ» የሚሉት ወረርሽኝ ተነሳ። ከ90 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ሞተ። ያኔ ነው ሺጋ ከሕሙማን ሰገራ ላይ ባክቴሪያውን ለይቶ ያወጣው። ዕድሜው ገና 26 ነበር። (26 የሞላችሁ አንባቢዎቻችን ምን እየሠራችሁ ነው? ቀልድ ነው፣ አትቀየሙን።)

ይህ ፍጡር 500 ያህሉ በሰልፍ ቢቆሙ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች እንደ ጅራፍ እያሽከረከሩ የሚዋኙበት ጭራ አላቸው፤ ሺጌላ እሱም የለውም። ታዲያ ከአንዱ የአንጀት ሕዋስ ወደ ሌላው እንዴት ይሄዳል? በእኛው ማገር!

ይህ እንዲገባችሁ የጎጃምን የጭቃ ቤት አስቡ። መሃሉ ላይ ምሰሶ አለ፣ ወጋግራ አለ፣ ግድግዳውን ደግሞ ዙሪያውን ማገር ይዞታል። የሰውነታችን ሕዋስም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው ሕዋስ ማለት ውሃ የሞላበት ከረጢት ይመስለዋል፤ አይደለም፣ ውስጡ አፅም አለው። ምሰሶው አለ፣ ከቆዳው ሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ማገር አለ። ማገሩ የተሠራው አክቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ከእንጨቱ ማገር የሚለየው በየሰከንዱ እየተሠራ እየፈረሰ መኖሩ ነው። ፍሬ ፍሬው አክቲን እየተቀጣጠለ ክር ይሆናል፤ ክሩ ሲያድግ የሕዋሱን ቆዳ ወደ ፊት ይገፋል። ሕዋስ የሚንቀሳቀሰውም ቅርጹን የሚለውጠውም በዚህ ነው። የምትራመዱበት ጡንቻ ሳይቀር በአክቲን ነው የሚኮማተረው። የት ቦታ ይሠራ፣ የት ቦታ ይፍረስ የሚል ትእዛዝ የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖችም አሉ። ተንኮለኞቹ የሆድ ባክቴሪያዎች የደረሱበት ምሥጢር እነዚህን ትእዛዞች አስመስሎ ማውጣት ነው። ሊቀ መንበሩ ሳያውቅ በቀበሌው ማህተም ደብዳቤ የሚያወጣ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? ልክ እንደዚያ።

ሺጌላ በአፍ ገብቶ፣ የጨጓራውን አሲድ ተቋቁሞ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። የአንጀት ግድግዳ ከፊት ለፊት ለእሱ ጠንካራ ነው። ሆኖም በግድግዳው መሃል መሃል ሰውነታችን ራሱ የከፈታቸው መስኮቶች አሉ፤ ኤም ሕዋስ ይባላሉ። ሥራቸው ከአንጀት ውስጥ ናሙና እየወሰዱ ከኋላ ላሉት ዘበኞች ማሳየት ነው። ሺጌላ በዚያ መስኮት ሹልክ ይላል። ከኋላ ያለው ዘበኛ፣ ማክሮፋጅ የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ፣ ይውጠዋል። ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው ይሞታል። ሲሞት ታዲያ ዝም ብሎ አይሞትም፣ የድረሱልኝ ኬሚካል ረጭቶ ነው። ሺጌላ ግን ከሞተው ዘበኛ ወጥቶ የአንጀቱን ሕዋሳት በጓሮ በር ይመጣባቸዋል።

እዚያ ሲደርስ መርፌ ያወጣል። አዎ፣ መርፌ! ከአካሉ ላይ የበቀለች፣ ከሕዋሱ ቆዳ ጋር ገጥማ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ውስጥ የምታስገባለት። እነዚያ ፕሮቲኖች ገብተው ማገር ሠሪዎቹን «ኑ፣ እዚህ ጋ ሥሩ» ይሏቸዋል። የሕዋሱ ቆዳ እየተነፋፋ ይነሳና ባክቴሪያውን አቅፎ ያስገባዋል። ልብ አድርጉ፣ በር አልሰበረም። ባለቤቱ ነው እጁን ዘርግቶ ያስገባው። ሲገባ በቆዳ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው፤ ወዲያው ከረጢቱን ቀዶ መሃል ቤት ይቆማል።

ቀጥሎ ያለው ነው ሳይንቲስቶቹን ማይክሮስኮፕ ላይ ያፈዘዛቸው። ባክቴሪያው በአንደኛው ጫፉ ላይ ብቻ አይ-ሲ-ኤስ-ኤ የሚሉትን ፕሮቲን ይለብሳል። ፕሮቲኑ የሕዋሱን ማገር ሠሪዎች ይጠራል፣ እነሱም ከባክቴሪያው ጀርባ አክቲን መቀጣጠል ይጀምራሉ። ማገሩ ሲያድግ ባክቴሪያውን ይገፋዋል። በደቂቃ ውስጥ የራሱን ቁመት ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ከኋላው የሚቀረው የአክቲን ጅራት የጅራታም ኮከብ ጅራት ነው የሚመስለው። የጎረቤት ሕዋስ ድንበር ሲደርስ አይቆምም። የሁለቱን ቆዳ እንደ ጓንት ጣት አሹሎ ይገፋና ጎረቤትየው ሕዋስ ይውጠዋል። እዚያም ከረጢቱን ይቀድዳል፣ ደግሞ ወደሚቀጥለው። ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር አንድም ጊዜ ደጅ አይወጣም። ደጅ ደጁን የሚጠብቁት ፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ ቤት ውስጥ ያለውን ሌባ አያገኙትም።

እ.ኤ.አ. በ1989 በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት የፊሊፕ ሳንሶኔቲ ቡድን ያንን ፕሮቲን የሚያዘውን ዘረ መል አጥንቶ አሳወቀ። ዘረ መሉ የተሰናከለበት ሺጌላ ሕዋስ ውስጥ መግባቱን ይገባል፤ ወደ ጎረቤት መሻገር ግን ያቅተዋል። (ፓስተር ስንል አዲስ አበቤዎች ጉለሌ ያለው ሰፈር ትዝ ሳይላችሁ አልቀረም። አልተሳሳታችሁም። የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መነሻው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነበር፣ የሰፈሩም ስም ከዚያ ቀርቷል።) አሥር ዓመት ቆይቶ በ1999 ደግሞ ተመራማሪዎች ሕዋስ የሚባል ነገር በሌለበት፣ አክቲንና ጥቂት የተጣሩ ረዳት ፕሮቲኖችን ብቻ ቀላቅለው፣ ያንን ፕሮቲን የለበሰ ባክቴሪያ ጨመሩበት። ባክቴሪያው መጓዝ ጀመረ! ሌላ ሞተር የለም ማለት ነው። የሚቀጣጠለው ማገር ራሱ ነው የሚገፋው።

ሕዋሳችን ግን እጁን አጣጥፎ ዝም ብሎ የሚያይ እንዳይመስላችሁ። ከአፅሙ ክፍሎች አንዱ ሴፕቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። በ2010 እንደታተመው ጥናት፣ ሴፕቲኖቹ የሚጓዘውን ሺጌላ ከበው፣ ዶሮ ላይ ቅርጫት እንደሚደፋ ይደፉበታል፤ የተደፋበት መንቀሳቀስ አይችልም። የአንጀት ሕዋሳት ደግሞ በተፈጥሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየተላቀቁ በአዲስ የሚተኩ ናቸው፤ የታመመው ሕዋስ ከነባክቴሪያው ተላቆ ቢወድቅ ግልግል ነበር። ሺጌላ ይህንንም አስቦበታል። ሕዋሱን ከመሠረቱ ጋር አጥብቆ የሚያስር ፕሮቲን አለው። ከዚህ በላይ ተንኮል ከየት ይመጣል?

ደሙስ ከየት መጣ? ዘበኛው ሲሞት የረጨው ኬሚካል ነጭ የደም ሕዋሳትን በገፍ ይጠራል። እነሱ ሲጎርፉ ግድግዳውን እያላቀቁ ነው የሚያልፉት፤ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፣ አንጀቱ ይቆስላል። ያን ጊዜ ደምና ንፍጥ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ይወርዳል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ሽንት ቤት ተቀምጦ ያለ ውጤት ማማጥ ይሆናል። እንግዲህ ጉዳቱ ግማሽ በግማሽ የራሳችን መከላከያ የሚያደርሰው ነው።

እህቴ፣ ከሁሉ በላይ አንቺን የሚመለከተሽ ቁጥሩ ነው። ኮሌራ ጨጓራው ጤነኛ የሆነ ሰው ለመጣል ሚሊዮኖች ሆኖ መግባት አለበት። ሺጌላ ግን ከ10 እስከ 100 የሚሆኑት ይበቃሉ። ፈቃደኛ ሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የታየ ነው። ከሽንት ቤት በኋላ በውሃ ብቻ ተለቅለቅ ያለ እጅ፣ ጥፍር ሥር፣ አንዲት ጉርሻ በቂ ናት። ዝንብም ከሽንት ቤት ወደ ማዕድ ታመላልሰዋለች።

ሺጌላ ብቻውን አይደለም፣ ዘመዶች አሉት። ኢ. ኮላይ የሚባለውን ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። አብዛኛው ኢ. ኮላይ ምንም የማያደርገን፣ ሆዳችን ውስጥ አብሮን የሚኖር ነው። ሕፃናትን የሚያሳምመው አንዱ ዓይነት ግን ጉድ ይሠራል። ሕዋሱ ውስጥ ሳይገባ ደጅ ቆሞ፣ በመርፌው የራሱን ችካል ወደ ውስጥ ይልካል። ችካሉ በሕዋሱ ቆዳ ላይ ይተከላል፤ ባክቴሪያውም መጥቶ በራሱ ችካል ላይ ይያያዛል። በራሱ ወንበር ሰው ቤት የሚቀመጥ እንግዳ በሉት። ከዚያ ችካሉ ማገር ሠሪዎቹን ይጠራና ከባክቴሪያው ሥር አክቲን ተከምሮ መደብ ይሠራለታል። ቤት ውስጥ የምንቀመጥበት የጭቃ መደብ ማለታችን ነው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቁርጥ እሱኑ ነው። ባክቴሪያው የራሱን መያዣ ይዞ እንደሚመጣ የታወቀው በ1997 ካናዳ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ መያዣው የሰው ሕዋስ ንብረት ነበር የሚመስላቸው።

የክትፎ ወዳጆች፣ ይህችን አንብቡ። ከዚሁ ዘር ኦ157 የሚባል ኢ. ኮላይ አለ፤ እሱም መደብ ይሠራል፣ በዚያ ላይ የሺጋን መርዝ የመሰለ መርዝ ይጨምራል። መርዙ ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል፣ በተለይ የልጆችን። የሚኖረው ከብት አንጀት ውስጥ ነው፣ ከብቱን ምንም አያደርገውም። ሲታረድ ሥጋው ላይ ሊነካካ ይችላል። የነካው የቁርጡን ላይ ላዩን ነው፤ ሥጋ ሲከተፍ ግን የላዩ ከውስጡ ይደባለቃል። ጥሬ ክትፎ ተው ብንላችሁ እንደማትሰሙን እናውቃለን። ለሕፃን ልጅ ግን አታጉርሱ።

ሌላው ሳልሞኔላ ነው። እሱ ደግሞ ትእዛዝ አስመሳይነቱ የባሰ ነው። በመርፌው የሚልከው አንደኛው ፕሮቲን ማገሩን ያነሳና በሩን ያስከፍታል፤ ባክቴሪያው ከገባ በኋላ ሌላኛው ፕሮቲን «አሁን ይበቃል፣ ወደ ነበረበት መልሱ» ይልና የሕዋሱ ቅርጽ ይስተካከላል። ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ ማለት ነው። ሕዋሱ ከውጪ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም።

ሳልሞኔላ ከተነሳ ታይፎይድ ሳይነሳ አይቀርም፤ የታይፎይድ ባክቴሪያ ከዚሁ ወገን ነውና። እስቲ ከአንባቢዎቻችን መካከል በሕይወቱ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ማን ነው? ጣት ተወግቶ፣ በጠብታ ደም በሚደረገው ዊዳል በሚባለው ምርመራ ስንቱ «ታይፎይድ» ተብሎ ኪኒን ተሸክሞ ሄዷል! ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ደግሞ ድሮ ከያዘ ሕመምም፣ ከሌላ ሳልሞኔላም ሊመጣ ይችላል። በአንድ ጠብታ ታይፎይድ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። አስተማማኙ መንገድ ደም ወስዶ ባክቴሪያውን ማብቀል ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ሁሉም ቦታ የለም፤ ግን «በዓመት አራት ጊዜ ታይፎይድ ይይዘኛል» የሚል ሰው አራቱም እውነት መሆናቸውን ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

አሁን ወደ አንቺ ቤት እንመለስ። «ድኜ ሳለሁ እንዴት?» ብለሻል። የሺጌላ ሕመም ራሱን በራሱ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። አንቺን ተወኝ ያልሽው ሜትሮው አድኖሽ ላይሆን ይችላል፤ ሜትሮ ለአሜባና ለጃርዲያ እንጂ ሺጌላን አይነካውም። የሚሠራ መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ደግሞ ሕመሙ ከለቀቀው በኋላ እስከ አራት ሳምንት ያህል ባክቴሪያውን በሰገራው ሊያወጣ ይችላል። ከመሄድሽ በፊት የያዘሽ ሺጌላ ከነበረ፣ ደጀን ስትደርሺ አብሮሽ ደርሶ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ንገሩኝ ብለሽ የለ?

ግን አቆጣጠሩን ደግሞ ተመልከቺ። ከበላ በኋላ ሺጌላ የሚያሳምመው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ውስጥ ነው። ሰላጣሽ ወይም ጉርሻሽ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ባንድ ሰሞን ይወድቁ ነበር። የእናንተ ቤት የታመመው ግን ተራ በተራ ነው፤ መጀመሪያ ሕፃኑ፣ ሁለት ቀን ቆይቶ አያትየው፣ ከዚያ አጎትየው። ይህ በአንድ ማዕድ የመጣ አይመስልም። ሕፃኑ ከታመመ በኋላ ያጠበው፣ ያቀፈው፣ ፖፖውን የደፋው እጅ ነው ያዳረሰው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ሕፃኑን ማን ሰጠው ነው ጥያቄው። አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። የሰፈር ልጅ፣ ዝንብ፣ ያልታከመ ውሃ፣ ለበዓል የተገዛ ያልታጠበ አትክልትም ሊሆን ይችላል። ደጀን የአባይን በረሃ የወጣ መኪና ሁሉ የሚያርፍባት ከተማ ናት። በየቀኑ ከየአገሩ የሚመጣ ስንት እጅ ይበላባታል፣ ስንት ሰው ሽንት ቤት ይጠቀምባታል። ወንድምየው የሚውለው ደግሞ እዚያው መሃል ነው።

እናንተን ለምን እንደተዋችሁ ላልሽውም፣ አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ለዚያው ዓይነት ሺጌላ ለጊዜው መከላከያ ይኖረዋል። ያ ደግሞ ጥርጣሬውን ወደ አንቺ ጠጋ ያደርገዋል፤ አንደብቅሽም። እጮኛሽ ልጅ ሆኖ እዚያው ስላደገ ቀድሞ ያገኘው ሊሆን ይችላል፤ ወይም እንዲያው አልደረሰውም። ባለፈው ላይ ሙሉ እርግጠኝነት አታገኚም። አሁን ግን ሰገራሽን ማስመርመር ትችያለሽ። መጠየቅ ያለብሽ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታየውን አይደለም፤ ባክቴሪያውን የሚያበቅሉበትን፣ ካልቸር የሚሉትን ነው። ትልልቅ ሆስፒታሎችና የክልል ላቦራቶሪዎች ይሠሩታል፣ ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። አደራ፣ አንቲባዮቲክ ሳትውጪ በፊት ይሁን።

ስለ አንቲባዮቲክ አንዲት ቃል። በሀገራችን የተገኘው ሺጌላ ብዙው አምፒሲሊንን፣ ቴትራሳይክሊንንና ኮትሪሞክሳዞልን ለምዷቸዋል። ጎረቤት የተረፈውን ሰጥቶሽ ሁለት ፍሬ መዋጥ ማለት ባክቴሪያውን ማሠልጠን ነው። የትኛው እንደሚሰጥ ሐኪሙ ይወስን። ኦ157 ከሆነ ደግሞ አንቲባዮቲክ ኩላሊቱን ሊያብስ ስለሚችል «ለማንኛውም ልዋጥ» አያዋጣም። ተቅማጥ ቀጥ የሚያደርገውን ኪኒንም ደም ባለበት ተቅማጥ አትንኩት፤ ጠላትን ቤት ውስጥ መቆለፍ ነው።

ለእናትየው ምን ትያቸው? እኛ ብንሆን መጀመሪያ ለእጮኛሽ ነግረን፣ ከእሱ ጋር ሆነን ነበር የምንገባው። ሌላ ሰው በሌለበት፣ «እማማ፣ ከመምጣቴ በፊት እኔም ሆዴን አሞኝ ነበር። ዳንኩ ብዬ ነው ጓዳ የገባሁት፤ በሽታው ከዳኑም በኋላ በእጅ እንደሚተላለፍ አላወቅሁም። ከእኔ ይሁን ከሌላ አይታወቅም፣ ግን እንዲያውቁት ፈልጌ ነው» ብትያቸው ይበቃል። ሊቆጡ ይችላሉ። ሽማግሌውም ይብሱን ሊዘገይ ይችላል፤ አይዘገይም ብለን አንዋሽሽም። ዛሬ ዝም ብለሽ ከጋብቻ በኋላ ቢሰሙት ግን የሚከፋ ይመስለናል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ስትነግሪያቸው ሕፃኑን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ምክንያት ይሆናቸዋል። በእግር የመጣ በሽታ ነው ብለው ካመኑ ሐኪም ቤት ምን ይሠራላቸዋል?

ጎረቤቷን ተያት። ከእሷ ጋር ስለ አክቲን ብትከራከሪ ምን ታተርፊያለሽ?

ቤቱ ውስጥ እስኪያልፍ ድረስ ከሽንት ቤት በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ፣ ጥፍር ሥር ድረስ መታጠብ ነው። የሕፃኑ ፖፖ ሽንት ቤት ተደፍቶ በበረኪና ይታጠብ። የሚጠጣው ውሃ ይፍላ ወይም ውሃ አጋር ይጨመርበት። አንቺም የካልቸሩ ውጤት እስኪመጣ ለሌላ ሰው ጥሬ ነገር አትክተፊ፣ አታጉርሺም።

የቀረው ወንድምየው ነው። ተቅማጡ ካቆመ ቢያንስ 48 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ምግብ ቤቱ እንዳይመለስ። የቀን ሠራተኛ ከሆነ ካልገባ አይከፈለውም፣ ስለዚህ ሳይሻለው ሊገባ ይችላል፤ የቀረበትን የሁለት ሦስት ቀን ክፍያ እጮኛሽ ይሸፍንለት። ዛሬውኑ ደውሎ ይንገረው።